ትንሹ አንበሳ፤ ስለ ፔኪኒዝ ውሻ ጠባይና አያያዝ

ይህ ጽሑፍ ስለ ውሻ ነው። «በዚህ መጽሔት ላይ ሌላ ቁም ነገር ጠፍቶ ነው ወይ ስለ ውሻ የሚጻፈው?» ብሎ የሚጠይቀን ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ጥያቄ ከማንም ቀድመን እናነሣ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ትንሽ ውሻ ለሦስት ሳምንት በአደራ ተሰጥቶን፣ ከክፋት ሳይሆን ካለማወቅ የተነሣ ልንገድለው ጥቂት ስለ ቀረን፣ ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት ተከራይተን አብረን ከምንኖረው ከሦስታችን የአንዱ አክስት ብዙ ዘመን በዋሽንግተን ኖረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ ውሻ ይዘው መጡ። ለዘመድ ልቅሶ ወደ ጎንደር መሄድ ግድ በሆነባቸው ጊዜ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ከእናንተ የተሻለ የሚጠብቅልኝ ከወዴት አገኛለሁ?» ብለው ውሻውን ከነማበጠሪያው አስረከቡን። ስሙ አንበሴ ነው። ሆዱ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ከድመት እምብዛም የማይበልጥ ፍጡር አንበሴ ተብሎ ሲጠራ የሰማ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ቆይተን እንደ ተረዳነው ግን ስሙ እንዲያው በቀልድ የወጣ አልነበረም። አንበሴ ፔኪኒዝ ከሚባለው ዘር ነው፤ ይህም ዘር ከጥንት ጀምሮ «የአንበሳ ውሻ» እየተባለ ሲጠራ የኖረ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ዘሩ ከወዴት እንደ መጣ፣ መልኩና ጠባዩ ምን እንደሚመስል፣ እንዴትስ መያዝ እንደሚገባው ባጭሩ እንገልጻለን። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ነገር ለማስረዳት እንሻለን፤ ይኸውም እኛ የውሻው ጠባይ ነው እያልን የምንስቅበት ነገር አንዳንድ ጊዜ ሕመሙ መሆኑን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቤተ መንግሥት የመጣ ውሻ

ፔኪኒዝ ስሙን ያገኘው ዛሬ ቤጂንግ ከምትባለው ከፔኪን ከተማ ነው። ዘሩ እጅግ ጥንታዊ ነው። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት የ85 ዘሮችን ዲ.ኤን.ኤ. መርምሮ ለተኵላ ቀረብ ያሉትን ጥንታውያን ዘሮች በለየ ጊዜ፣ ፔኪኒዝን በበረዶ ላይ ጋሪ ከሚስቡት ከሰሜን ውሾችና ከመካከለኛው አፍሪካ አዳኝ ከባሰንጂ ጋር በአንድ ወገን መድቦታል። በሰው ጭን ላይ ተኝቶ የሚያንኮራፋው ውሻ ከብዙዎቹ ግዙፍ ውሾች ይልቅ ለተኵላ የቀረበ ዘመድ ሆኖ መገኘቱ ሊያስደንቀን ይገባል።

በቻይና ምድር አንበሳ አይገኝም። የቡድሃ ሃይማኖት ወደዚያ አገር በገባ ጊዜ ግን አንበሳ የክብርና የጥበቃ ምልክት ሆኖ አብሮ ገባ። አንበሳን በዐይናቸው ያላዩ ሰዎች አንበሳ የሚመስል ውሻ ቢወድዱ አያስገርምም። ሲተረክ እንደኖረው አንድ አንበሳ ትንሽ ጦጣ ወድዶ፣ መጠኑ ከመጠኗ ጋር አልስማማ ቢለው፣ ልቡ እንዳለ ሆኖ ሰውነቱ እንዲያንስለት ለመነ፤ ተፈቀደለትም። ፔኪኒዝ የተወለደው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው ይባላል። ተረት ተረት ነው፤ ነገር ግን አንበሴ ከአንድ ትልቅ የሰፈር ውሻ ፊት ቆሞ ሲጮኽ ያየ ሰው የአንበሳ ልብ በትንሽ ሰውነት ውስጥ ሊያድር እንደሚችል ይረዳል።

እነዚህ ውሾች የቤተ መንግሥቱ ነበሩ። ከመካከላቸው እጅግ የሚያንሱትን የቤተ መንግሥት ሰዎች በሰፊው እጅጌያቸው ውስጥ ይዘዋቸው ይዞሩ ስለ ነበር «የእጅጌ ውሾች» ይባሉ ነበር። ትንሽ ውሻ በቤተ መንግሥት መኖሩ ለእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ሉሉ የተባለችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ በዘመኗ የታወቀች ነበረች።

ፔኪኒዝ ወደ አውሮፓ የሄደው ተሸጦ ወይም በስጦታ ተሰጥቶ አይደለም፤ ተማርኮ ነው። በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ፔኪን በደረሰ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፈ፤ ኋላም በእንግሊዙ መልእክተኛ በሎርድ ኤልጂን ትእዛዝ ተቃጠለ። በዚያ የተገኙ አምስት ትንንሽ ውሾች ወደ እንግሊዝ እንደ ተወሰዱ ይነገራል። ከእነርሱ አንዷን ደን የተባለ ሻምበል ለንግሥት ቪክቶሪያ አበረከታት። ስሟም ሉቲ ተባለ፤ ትርጓሜውም በእንግሊዝኛ «ዘረፋ» እንደ ማለት ነው። ሉቲ በ1861 ሥዕሏ ተሣለ፤ በ1872 ሞተች።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ስናነብ ሌላ ነገር ትዝ ሳይለን አይቀርም። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ጭኖ ሲሄድ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ወደዚያችው ንግሥት አገር ተወስዶ በ1879 በዚያው አርፏል። ሰውን ከውሻ ጋር ማስተካከላችን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገርም አይታሰብም። ነገር ግን ውሻዋን «ዘረፋ» ብሎ ለመሰየም ምንም ያላሳፈረው ዘመን ምን ዓይነት ዘመን እንደ ነበረ ከዚህች ትንሽ ስም መረዳት ይቻላል።

መልኩና ጠባዩ

ፔኪኒዝ ቁመቱ ከ15 እስከ 23 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። የአሜሪካኖቹ ደንብ ክብደቱ ከ14 ፓውንድ፣ ማለት ከ6 ኪሎ ጥቂት ከፍ ከሚለው እንዳይበልጥ ያዝዛል። ይሁንና ትንሽ ነው ብሎ በአንድ እጁ ላንሣው የሚል ሰው ይደነግጣል፤ አጥንቱ ወፍራም፣ ደረቱ ሰፊ ስለ ሆነ ከሚታየው ይልቅ ይከብዳል። ፊተኛው ወገኑ ከኋለኛው ይሰፋል። የፊት እግሮቹ አጫጭርና ወደ ውጭ ጎበጥ ያሉ በመሆናቸው ሲራመድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ጠጉሩ ድርብ ነው፤ ከውስጥ ለስላሳና ወፍራም፣ ከላይ ረጅምና ሸካራ ሆኖ በአንገቱ ዙሪያ እንደ አንበሳ ጋማ ይከማቻል። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ዐይኖቹ ትልልቅና ክብ፣ አፍንጫው በዐይኖቹ መካከል የተጣበቀ ያህል አጭር ነው።

ጠባዩ የቤተ መንግሥት ጠባይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲጠሩት ተሯሩጦ አይመጣም፤ ቀና ብሎ አይቶ፣ አስቦበት፣ ሲፈቅድ ይመጣል። ባዕድ ሰው ቶሎ አይወድድም። ከቤተሰቡ መካከል አንዱን መርጦ ከዚያ ሰው አይለይም። በር ሲንኳኳ ከቁመቱ በላይ ይጮኻል። በቁጣና በዱላ አይማርም፤ ይልቁንም ያኮርፋል። ትምህርቱ አጭር፣ በምስጋናና በጥቂት ጉርሻ የታገዘ ሲሆን ግን እሺ ይላል። ጅራቱን መጎተት ለሚወድዱ ሕፃናት የሚስማማ አይደለም፤ ለብቸኛ ሰው፣ ለሽማግሌና ለጠባብ ቤት ግን መልካም ጓደኛ ነው። በደንብ ከተያዘ ከ12 እስከ 14 ዓመት ይኖራል። እንግዲህ ቡችላ የሚገዛ ተማሪ ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ምናልባትም ትዳር መሥርቶ ልጆች እስኪያሳድግ ድረስ የሚዘልቅ ኀላፊነት መውሰዱን ይወቅ።

በሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ የደረሰው

አንበሴ በመጣ በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ «ይህ ውሻ ተኝቶ ውሎ ተኝቶ ያድራል፤ ትንሽ አየር ይቀበል» ብለን ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ይዘነው ወጣን። ፀሐዩ የጥቅምት ፀሐይ ነበር። መጀመሪያ እንደ ልማዱ እየተወዛወዘ ተከተለን። ዳገቱ እየበረታ ሲሄድ ቆመ። ጎተትነው፤ ጥቂት ሄዶ ዳግመኛ ቆመ። «የንጉሥ ውሻ ነውና በእግሩ መሄድ ውርደት መስሎት ነው» ብሎ አንዳችን ቀለደ። ሁላችንም ስቀን በአንገት ማሰሪያው እንደ ገና ጎተትነው። ትንፋሹ እንደ መጋዝ ድምፅ ያሰማ ጀመር። እኛም የምናውቀው የሌሊት ማንኮራፋቱ መስሎን ንቀን ተውነው። ከዚያ በኋላ በጎኑ ተዘረረ። ምላሱ ወደ ሰማያዊነት ተለውጦ ነበር።

አንዲት ጥላ ሥር ተቀምጠው ሸቀጥ የሚሸጡ እናት ናቸው የደረሱልን። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ወደ ጥላ አምጡት እንጂ!» ብለው ጮኹብንና በጀሪካን የነበራቸውን ውሃ በሆዱና በእግሮቹ ላይ አፈሰሱበት፤ በነጠላቸውም ጫፍ አራገቡለት። ትንፋሹ ጥቂት መለስ ሲልለት በታክሲ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ ኦክስጅን ከሰጠውና ከመረመረው በኋላ «ዳገት ላይ አልሄድም ብሎ አስቸግሮን ነበር» ስንለው የመለሰልንን አንረሳውም። «ይህ ውሻ አላስቸገራችሁም፤ አየር አጥቶ ነው የቆመው። ሁለት አፍንጫችሁን በጣት ይዛችሁ፣ አንገታችሁ በገመድ ታስሮ ዳገት ሩጡ ብትባሉ አትቆሙም ነበርን?» አለን። መልስ አልነበረንም።

አፍንጫው ሲያጥር ምን ይሆናል?

ሐኪሙ የገለጸልንና ኋላም አንብበን የተረዳነው እንዲህ ነው። ሰዎች የውሻውን ፊት ለማሳጠር በብዙ ትውልድ ሲመርጡ ያጠረው በይበልጥ አጥንቱ ነው፤ በአጥንቱ ውስጥ ያለው ሥጋ ግን በዚያው ልክ አላነሰም። ስለዚህ የላንቃው ለስላሳ ክፍል ለአፉ ረዝሞ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። የአፍንጫው ቀዳዳዎችም እጅግ ይጠብባሉ። ውሻው በጠባብ ቱቦ እንደሚተነፍስ ሰው እያንዳንዱን ትንፋሽ በኀይል መሳብ ይኖርበታል። እኛ «እንዴት ደስ ይላል፣ እንደ ሽማግሌ ያንኮራፋል» እያልን የምንስቅበት ድምፅ አየር በተጨናነቀ መንገድ ሲያልፍ የሚሰማው ነው።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፤ ይኸውም አየር በርጥብ አፍንጫውና አፉ ላይ እያመላለሰ ሙቀቱን ያወጣል። አፍንጫው ያጠረ ውሻ ግን ይህን ሲያደርግ የሚያስወጣው ሙቀት ጥቂት፣ ለማለክለክ የሚደክመው ድካም ብዙ ነው። እየለከለከ የባሰ ይሞቃል፤ የባሰ ሲሞቅ ጉሮሮው ያብጣል፤ ጉሮሮው ሲያብጥ ትንፋሹ ይቆረጣል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ41 ሲያልፍ ሕይወቱ በአደጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ መሆኗ ደግሞ ዳገት መውጣትን ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ የበለጠ ያከብድበታል።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ሊያደርገው የሚገባው ያቺ እናት ያደረጉት ነው። ውሻውን ወደ ጥላ ማምጣት፤ ቀዝቃዛ ውሃ በሰውነቱ ላይ ማፍሰስ፤ ማራገብ፤ መጠጣት ከቻለ ጥቂት ጥቂት ውሃ መስጠት፣ ካልቻለ ግን በግድ በአፉ አለማፍሰስ፤ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። በአውሮፕላን ለማጓጓዝ የሚያስብም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ብዙ አየር መንገዶች በዚሁ ምክንያት አፍንጫቸው ያጠረ ውሾችን በጭነት ክፍል አይቀበሉም።

የዕለት አያያዙ

ከዚያ ቀን በኋላ በቀሩት ሳምንታት እንደሚከተለው ያዝነው።

ሽርሽር። ጧት ፀሐይ ሳይበረታና ማታ ሲቀዘቅዝ፣ በሜዳ ላይ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ሲቆም ቆምን። ገመዱንም ከአንገቱ ፈትተን በደረት ማሰሪያ አሰርንለት፤ የአንገት ማሰሪያ ቀድሞውኑ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ስለሚያንቀው ነው።

ዐይንና የፊት እጥፋት። ዐይኖቹ ወጣ ያሉና ጉድጓዳቸው ጥልቀት የሌለው ስለ ሆነ አቧራ፣ ሣር፣ የድመት ጥፍር በቀላሉ ያቆስላቸዋል። ብርቱ ድብደባ ወይም የአንገቱን ቆዳ ጨምድዶ መያዝ ዐይኑን ከጉድጓዱ ሊያስወጣው ይችላል፤ ይህም ለአፍታ የማይታለፍ አደጋ ነው። ዐይኑን ከጨፈነ፣ ካለቀሰ ወይም ብርሃን ከሸሸ «ነገ እናየዋለን» አይባልም። ከአፍንጫው በላይ ያለውን የቆዳ እጥፋት በየቀኑ በርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ርጥበት ሲሰነብትበት ይቆስላል፤ ይሸታልም።

ጠጉር። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ ቆዳው ድረስ ማበጠር ግድ ነው። ከላይ ከላይ ብቻ የሚያበጥር ሰው ያምራል እንጂ አይጠቅምም፤ ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱና ከእግሮቹ ኋላ ያለው ጠጉር ተቋጥሮ ቆዳውን ይጎትተዋል። ደረቅ ጠጉር ይቆረጣልና አስቀድሞ ውሃ ረጨት ማድረግ መልካም ነው። እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ባለማድረጋችን ከብብቱ ሥር አንድ ቋጠሮ በመቀስ ለመቁረጥ ተገደድን፤ አክስታችንም እንደ ተመለሱ መጀመሪያ ያዩት እርሱን ነው።

ጀርባ። ረጅም ወገብና አጭር እግር ያላቸው ውሾች በአከርካሪ አጥንቶቻቸው መካከል ያለው ለስላሳ ንጣፍ ቶሎ ይጎዳል፤ ሲብስም የኋላ እግራቸው ሽባ ይሆናል። ስለዚህ ከአልጋ ላይ እንዲዘል አይተውም። ሲያነሡት አንድ እጅ ከደረቱ በታች፣ አንድ እጅ ከኋላው በታች አድርገው ወገቡን ቀጥ አድርጎ መያዝ እንጂ በብብቱ ይዞ ማንጠልጠል አይገባም።

ምግብ። እዚህ ላይ የአገራችን ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከማዕድ የተረፈውን ለውሻ መስጠት የኖረ ልማዳችን ነው። ነገር ግን ወጣችን መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም አይጠፋበትም። ሁለቱም ጥሬም ቢሆኑ የበሰሉ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። አንድ ትልቅ ውሻ ችሎት የሚያድረው መጠን አምስት ኪሎ ለሚመዝን ውሻ መርዝ ይሆናል። ቸኮላታ፣ ወይንና ዘቢብ እንደዚሁ ክልክል ናቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ተቀቅሎ የተፈተፈተ ሥጋ፣ ሩዝና ካሮት ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ለጥቂት ቀን ይበቃል፤ ለዘወትር ግን ለውሻ ተብሎ የተመጣጠነ ምግብ ወይም የሐኪም ምክር ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ መጠኑ ይመጠን። ውፍረት ለማንም ጥሩ አይደለም፤ ለፔኪኒዝ ግን በጠበበ ጉሮሮ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ነው።

ጥርስ። ትልቁም ትንሹም ውሻ 42 ቋሚ ጥርሶች አሉት። በዚያች አጭር መንጋጋ ውስጥ 42 ጥርስ ሲጨናነቅ ምግብ በመካከሉ እየቀረ ድድ ያበሰብሳል። ለውሻ በተሠራ ሳሙና ጥርሱን መቦረሽ ቅንጦት ቢመስልም ኋላ ከሚመጣው ስቃይ ያድናል። የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሆንም፤ ውሻ እየዋጠው ይጎዳዋል።

ክትባት። «ከቤት የማይወጣ ውሻ ምን ክትባት ያስፈልገዋል?» ማለት ስሕተት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የሌለው ያህል ነው፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ክትባቱ ግን ፈጽሞ ይከላከለዋል። ቡችላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ሌሎቹን ክትባቶች በተከታታይ፣ የእብድ ውሻውንም ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ይከተባል። ማናቸውም ሰው በማይታወቅ ውሻ ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ አንድ ጥያቄ ሰላም ነሣን። ተፈጥሮ ይህን ፊት አልሠራችውም፤ ሰው ነው የሠራው። በ1861 የተሣለችው ሉቲ አፍንጫዋ ከዛሬዎቹ ወጣ ያለ፣ ጠጉሯም ያነሰ ነው። የዛሬው ፊት በይበልጥ ከዚያ ወዲህ በውሻ ትርኢቶች ላይ «ይበልጥ ጠፍጣፋው ይበልጥ ያምራል» እየተባለ የመጣ ነው። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ የእናቱ ዳሌ ጠባብ በመሆኑ ብዙ ቡችሎች በቀዶ ጥገና ይወለዳሉ።

በ2008 ቢቢሲ በዘር የተመረጡ ውሾች ስለሚደርስባቸው ሕመም አንድ ፊልም አሳይቶ በእንግሊዝ አገር ብርቱ ክርክር ተነሣ። የእንግሊዝ የውሻ ማኅበርም የፔኪኒዝን ደንብ አሻሽሎ የአፉና የአፍንጫው ርዝመት በግልጽ መታየት አለበት አለ። በ2012 ደግሞ ክራፍትስ በተባለው ታላቅ ትርኢት የ15 ዘሮች አሸናፊዎች በሐኪም እንዲመረመሩ ሲደረግ ስድስቱ ወደቁ፤ ከስድስቱ አንዱ ፔኪኒዝ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በኒው ዮርክ ዌስትሚንስተር ትርኢት ከዘሮች ሁሉ በልጦ የመጀመሪያውን ሽልማት ያገኘው ሌላ ፔኪኒዝ ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ያው ዘር በአንዱ አገር ዋንጫ ሲቀበል በሌላው አገር በጤና ጕድለት ተሰናበተ። ዳኛው የሚያየው መልኩን፣ ሐኪሙ የሚያየው ትንፋሹን ስለ ሆነ ነው። ኔዘርላንድ በ2019 ከዚህም አልፋ፣ የአፍንጫቸው ርዝመት ከራስ ቅላቸው ሲሶ ያልሞላ ውሾችን ማዋለድ ከልክላለች።

አንዳንድ ሰው «ይህን ዘር ማጥፋት ነው» ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። አንድ ሺህ ዓመት በላይ ከሰው ጋር የኖረ ወዳጅ በሰው ስሕተት ምክንያት ይጥፋ ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። በመምረጥ የጠበበው አፍንጫ በመምረጥ ሊሰፋ ይችላል። አፍንጫቸው ወጣ ያለውን፣ ሲሮጡ ትንፋሻቸው የማይሰማውን መርጦ ማዋለድ በቂ ነው። ይህ የሚሆነው ግን የሚያዋልደው ሰው ሲያስብ ብቻ ሳይሆን የሚገዛው ሰው ሲጠይቅ ነው። ገዢ ሁሉ ጠፍጣፋውን ፊት የሚሻ ከሆነ ሻጭ ሌላ የሚያቀርብበት ምክንያት የለውም።

ስለዚህ ከአንባቢዎቻችን መካከል ዛሬ ወይም ነገ እንዲህ ያለ ውሻ የሚያገኝ ቢኖር አራት ነገር እንለምነዋለን። እናትና አባቱን ሲራመዱ ይያቸው፣ ትንፋሻቸውንም ያዳምጥ። የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ይመልከት፤ እንደ ቀጭን መስመር የተዘጉ ከሆነ ይተው። ከመግዛቱ በፊት የሐኪሙን ወጪ ያስላ፤ ውሻው አንድ ጊዜ፣ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ይከፈላልና። ደግሞም ጠባብ ቤት ላለው ተማሪ የግድ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘር እንደማያስፈልገው አይርሳ። በየሰፈራችን ቡቺ እየተባለ የሚጠራው፣ አፍንጫው ረጅም፣ ትንፋሹ ነጻ የሆነው የአገራችን ቡችላ ተከትቦ ቢያድግ ታማኝነቱ ከማንም አያንስም።

አክስታችን ከጎንደር ሲመለሱ የሆነውን ሁሉ ሳንደብቅ ነገርናቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «እኔም እኮ ስንት ዓመት ሲያንኮራፋ እየሳቅሁ ነው የኖርኩት» አሉን። አሁን አንበሴ በሐኪም ምክር የአፍንጫው ቀዳዳ በቀላል ቀዶ ጥገና ሰፍቶለታል። ባለፈው እሑድ ልንጠይቀው ሄደን ነበር። እንደ ልማዱ አስቦበት፣ እየተወዛወዘ መጣና ከእግራችን ሥር ተኛ። ሦስታችንም ጸጥ ብለን ትንፋሹን አዳመጥን።